ቶሎ ያለቀ ቦይ

ሥራ የሚጠላው ሠራተኛው ነው የሚል ሰው አሠሪ አይቶ አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠራተኛ ሥራውን ቢጠላው እንኳ ጨርሶት ይገላገላል። አሠሪ ግን ሥራው ያለቀ ዕለት ፊቱ ይገረጣል፤ ነገ ምን እንደሚያሠራ አያውቅማ። አላመናችሁኝም? እንግዲያው እዚህ ሆሳዕና፣ ከገበያው በታች ባለው ሰፈራችን ስለተቆፈረ አንድ ቦይ ላጫውታችሁ። ቦዩ አንድ ነው። የተቆፈረው ግን... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ጎረቤቴ አማረች ባሏ የሞተባት፣ ተማሪ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በየወሩ ከመንግሥት የእርዳታ ስንዴና ዘይት ትቀበላለች። እርዳታው ዝም ብሎ አይሰጥም፤ አቅም ያለው አዋቂ ሰው ሁሉ የአካባቢ ሥራ ሠርቶ ይቀበል የሚል ደንብ አለው። ሠርቶ መብላትን የምቃወም ሴት አይደለሁም። አማረችም አትቃወምም። እኔን የሚያስቀኝ የደንቡ ምክንያት ነው። "የተረጂውን የሥራ ባህል ለማዳበር" ይላል አሉ። አማረች ጠዋት የሰው ልብስ አጥባ፣ ከሰዓት የሰው እንሰት ፍቃ፣ ሲመሽ ለገበያ ቆጮ ስትጠቀልል የምታመሽ ሴት ናት። የእሷ የሥራ ባህል ይዳብር ከተባለ የቀረው እንቅልፏን መቀማት ብቻ ነው። ደንቡን ያረቀቀው ሰው ግን ይህን ሲጽፍ በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደነበር አልጠራጠርም። እኔ እንደነዚያ ያሉ ሰዎች ያረቀቁትን ስንት ዘመን በታይፕ መትቻለሁ፤ አጻጻፋቸውን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ አማረች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጭቃው አዳልጧት በእጇ ላይ ወደቀች። ወጌሻው እጇን በቀርከሃ አስሮ ላካት። አጥራችን በወደቀበት በኩል ተሻግሬ ሄድኩ።

"ወጌሻው ምን አለ?" አልኳት።

"ዝም በይ አለኝ።"

"አንቺን?"

"እጄን። እንዳታንቀሳቅሺው ማለቱ ነው።"

"ነገ የእርዳታው ሥራ ይጀመራል አላልሽም?"

"በአንድ እጄ እቆፍራለሁ።"

"በአንድ እጅ የሚያዝ መቆፈሪያ አላየሁም።"

"እርስዎ ምን አይተው፣ እትዬ። እርስዎ ያዩት ታይፕ ነው።"

አማረች ስታዝን ትቀልዳለች። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የወሩን ሥራ የቀረ፣ በምትኩም ከቤቱ ሌላ አዋቂ ሰው ያልላከ፣ ስሙ ከእርዳታው ይወጣል። አንዴ የወጣ ስም ደግሞ ተመልሶ ሲገባ አይተን አናውቅም። ከአማረች ቤት አዋቂ ሰው እሷው ብቻ ናት። ልጆቿ አይፈቀድላቸውም፤ ይህ እንኳ ደግ ደንብ ነው።

ሰኞ ጠዋት የድሮ ሹራቤን ለበስኩ፤ ጫማዬን በገመድ አጥብቄ አሰርኩና ወደ ሥራው ቦታ ወረድኩ። ለአማረች አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ በአንድ እጇም ቢሆን ጎትታ ትመልሰኝ ነበር።

የሥራው ኃላፊ ፎርማን ይባላል። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ልጅ እግር ሰው ነው። ታምራት ብዬ ልጥራው፤ ስሙ ግን ታምራት አይደለም። እናቱን ስለማውቃቸውና ይህን ጋዜጣ ስለሚያነቡ ነው። ሲያየኝ በትሕትና ቀረበኝ።

"እማማ፣ የአረጋውያን ጉዳይ የሚታየው ቢሮ ነው። እዚህ አይደለም።"

"ለአማረች ምትክ ሆኜ ነው የመጣሁት።"

"እርስዎ?"

"ምትክ አዋቂ ሰው ይሁን አይደል የሚለው ደንባችሁ? አዋቂ ነኝ።"

"አዋቂነትዎ ትንሽ በዝቷል፣ እማማ።"

"ከበዛ ቀንስልኝ።"

ሳቀ። ከዚያ እንደ ገበያ ላም ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ። "ከአንድ ቤት መሆን አለበት" አለ።

"የአንድ ግቢ ሰዎች ነን" አልኩት። አልዋሸሁም። አጥራችን ከወደቀ ቆይቷል።

"እስቲ አካፋውን ያንሱ።"

አነሣሁ።

"ቀና ይበሉ።"

ቀና አልኩ። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ድምፁን እንዳይሰማ ሳልኩበት። እናንተ ወጣቶች ልብ በሉ። በዚህ አገር አንዲት አሮጊት እርዳታ ለማግኘት ጎብጣ መታየት አለባት። ለሌላ ሰው እርዳታ ምትክ ለመሆን ደግሞ ቀና ብላ መታየት አለባት። ሁለቱንም የሚፈርደው ያው ፊሽካ ነው።

"እሺ ይግቡ" አለኝ በመጨረሻ። "አርብ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ሰው ይብዛልኝ።"

ሥራው ቦይ መቆፈር ነበር። ክረምት ሲገባ ከላይ ካለው ኮረብታ ጎርፉ እየወረደ መንገዳችንን ይበላዋል። ቦዩ ጎርፉን ተቀብሎ ከታች ወዳለው ትልቁ ቱቦ እንዲያወርደው ታስቧል። ያሰበውን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። አሠራሩ ነው ጉድ። እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ፣ ለየብቻው ቆሞ፣ መሬቱን ይነካካል። ታምራት ሲያይ መቆፈሪያው ከፍ ይላል። ታምራት ፊቱን ሲያዞር መቆፈሪያው መደገፊያ ይሆናል። ደግሞ እሱ ራሱ እየዞረ "አትቸኩሉ፣ እስከ አርብ ነው" ይላል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህ የሥራ ባህል ማዳበር ከሆነ የሥራ ባህል ማጥፋት የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ረፋዱ ላይ ታምራት ስለ እንግዶቹ አቀባበል ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። ስብሰባው እስከ ማግስቱ ዘለቀ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ ትቆፍር የነበረችው ዘነበች ናት። ዘነበች ከአንጋጫ በጋብቻ የመጣች የከምባታ ሴት ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከትከሻዋ የሰፋ። ጠዋቱን ሙሉ ስትነጫነጭ ነበር።

"ይሄ ምን ዓይነት አቆፋፈር ነው? ለቅሶ ቤት የተቀመጥን አስመሰሉን እኮ።"

ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። "ቶሎ ብንጨርሰው ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር" አልኩ። እንዲህ ያልኩት በመሥሪያ ቤት ልማዴ ነው። ደብዳቤዬን መትቼ ከጨረስኩ ማንም ሌላ ደብዳቤ ምቺ ብሎኝ አያውቅም፤ ቢጽፉ አይደል።

ዘነበች መቆፈሪያዋን መሬት ላይ ተከለች። "ደቦ እናድርገው ነው የሚሉት፣ እትዬ?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"ብለዋል እንጂ። ሰማችሁ? እትዬ ደቦ ብለዋል!"

ደቦ ምን እንደሆነ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው ማስረዳት ነውር ነው። ለሌላው አንባቢ ግን ባጭሩ ልናገር። እዚህ አገር ሰው ለየብቻው ሲቆፍር ይደክማል፤ ተሰልፎ ሲቆፍር ይፎካከራል። ቤት የሚሠራው፣ ማሳ የሚገለበጠው በዚህ ነው። ሰልፉ ከተያዘ፣ ዘፈኑ ከተነሣ፣ ያንን ሰው አቁም ማለት የወረደ ጎርፍን ተመለስ እንደ ማለት ነው። እርዳታ ለመቀበል የመጣ ሰው ይህን ልማዱን ቤቱ አስቀምጦ እንዲመጣ የነገረው የለም። ያ ነው ስህተቱ።

ሁለት ረድፍ ተሠራ። ከምባቶቹ በዘነበች መሪነት ከላይ ወደ ታች፣ ሀዲያዎቹ ከታች ወደ ላይ ቆፍረው መካከል ላይ ሊገናኙ ተስማሙ። የተሸነፈው ረድፍ የአሸናፊውን መቆፈሪያ ተሸክሞ ይመለሳል ተባለ። እኔ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ልጅ ነኝና የትኛው ረድፍ ልግባ የሚል ክርክር ተነሣ። ብሔረሰብ ጠይቀው እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱም ረድፍ አልፈለገኝም። "እትዬ የኛ አይደሉም" "የኛም አይደሉም" ተባባሉብኝ። በመጨረሻ ለሁለቱም ወገን አፈር እንድጠርግ ተፈረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ መናገር አልችልም፤ አፈር ዓይኔን ሞልቶት ነበር። ዘነበች በከምባትኛ ዘፈን ታወጣለች፣ ረድፏ ይቀበላል። ከታች በሀዲይኛ መልስ ይመጣል። ትርጉሙን ጠየቅሁ። "እጃችሁ የአማት ቤት እንግዳ ይመስላል፣ ምንም አይነካም" ማለት ነው አሉኝ። የታችኞቹ መልስ ደግሞ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። በመንገዱ የሚያልፉት ሰዎች ሳይቀሩ ሸክማቸውን እያወረዱ፣ ጥቂት ቆፍረው፣ "በርቱ" ብለው ይሄዳሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪውን አስቀምጦ ቆፈረ፤ ተሳፋሪውም ሲሰለቸው ወርዶ ቆፈረ። እርዳታ ሊቀበሉ አይደለም። ሰው ሲቆፍር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ስላልለመዱ ነው።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ሁለቱ ረድፎች ተገናኙ። ማን አሸነፈ የሚለው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ቦዩ ግን አለቀ። ዳርና ዳሩ የተስተካከለ፣ ከላይ እስከ ቱቦው ድረስ ወለል ያለ ቦይ። ቆጮና ጎመናችንን ዘርግተን ቦዩ ዳር ተቀምጠን እየበላን ሳለ ታምራት በባጃጅ ደረሰ።

ወርዶ ቆመ። ቦዩን ወደ ላይ አየ። ወደ ታች አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቦይ" አለች ዘነበች እያላመጠች።

"ቦይ መሆኑንማ አየሁ። መቼ አለቀ?"

"አሁን። ና ብላ።"

"ማን ጨርሱ አላችሁ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የጎረስኩትን ዋጥኩ።

"እስከ አርብ ነበር እኮ" አለ ታምራት። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ ድምፅ ነበር። "እንግዶቹ አርብ ነው የሚመጡት።"

"ይምጡ" አልኩት። "ቦዩ የትም አይሄድም።"

"እማማ፣ እንግዶቹ የሚመጡት ተረጂው ሲሠራ ሊያዩ ነው። ያለቀ ቦይ ምን ያሳያል? ቦይ ነው የሚያሳየው!"

ብዙ የአለቃ ንግግር በታይፕ መትቻለሁ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ግን አላጋጠመኝም።

"በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው መንገድ እኮ እንዲሁ በጎርፍ ተበልቷል" አልኩት። "እዚያ እንቆፍርና እንግዶችህ መጥተው ይዩን።"

"እሱ በዚህ ወር ዕቅድ ውስጥ የለም።"

"እንግዲያው እስከ አርብ እንረፍ" አለች ዘነበች።

"ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ያልሠራ እንደ ቀረ ነው የሚቆጠረው። የቀረ ደግሞ..." አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም፤ ያልጨረሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። ሲበራ ባየሁ ጊዜ ነው የፈራሁት። "መካከሉን ደፍኑት" አለ። "አርብ እንግዶቹ ሲደርሱ መልሳችሁ ትቆፍሩታላችሁ።"

ጎመን የያዘ እጅ ሁሉ በየአፉ ደጃፍ ቆመ።

ዘነበች ተነሣች። "ቆፍሮ መድፈን ለሬሳ ነው። እኔ የቆፈርኩትን አልደፍንም።"

"እንግዲያው ስምሽ ይሰረዛል።"

"ይሰረዝ!" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አይደል እንዴ፣ እትዬ?"

እኔ ጡረታዬ በየወሩ ይመጣል። ለእኔ ይሰረዝ ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን የመጣሁት የሌላ ሰው ስንዴ ይዤ ነው፤ በሌላ ሰው ስንዴ መኩራት አይቻልም። የአማረች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድስቱን ከፈት አድርገው የሚያዩት እኛ ግቢ ነው። አካፋዬን አነሣሁና የመጀመሪያውን አፈር ወደ ቦዩ መለስኩ። ዘነበችም መቆፈሪያዋን ጥላ አካፋ ያዘች።

መድፈኑ ረቡዕንና ሐሙስን ፈጀ። ከአለቆቻችን ተምረን ነበር፤ ማንም አልቸኮለም። አንዷ ሴት ዘነበችን "ምነው ዝም አልሽ፣ አውጪልን እንጂ" ብትላት "ለመድፈን የሚሆን ዘፈን እናቴ አላስተማረችኝም" አለቻት።

ማታ ማታ ወደ ግቢ ስገባ አማረች ውሃ አሙቃ ትጠብቀኛለች። ሰኞ ማታ ተቆጥታኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትታዋለች።

"ዛሬ ምን ሠራችሁ?"

"ትናንትና የሠራነውን አጠፋን።"

"ስንዴውስ?"

"ለማጥፋትም ይሰጣሉ።"

የታመመ እጇን ደግፋ ሳቀች። "እኔ እንግዲህ ቤት ቁጭ ብዬ ቀኔን እያጠፋሁ ነዋ፤ ለምን ለእኔ አይሰጡኝም?"

አርብ ጠዋት ታምራት ድንኳን አስተከለ። የት እንዳስተከለው ገምቱ። ቦዩን የደፈንንበት ቦታ ላይ አፈሩ ተረግጦ፣ ተስተካክሎ፣ ከመንደሩ ሁሉ የተዋበ ሜዳ ሆኖ ነበርና ልክ ከታችኛው ዳሩ አስተከለው። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ምንጣፍ ተነጠፈ። የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ተቀመጠ። እኛ መቆፈሪያችንን ይዘን በተርታ ቆምን፤ እንግዳው ንግግራቸውን ሲጨርሱ ፊሽካ ይነፋል፣ ያኔ መቆፈር እንጀምራለን። ልምምድ ሁሉ አድርገናል።

ኮረብታው ላይ ግን ከማለዳ ጀምሮ ይዘንብ ነበር።

ዋናው እንግዳ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ተነሥተው "የጠባቂነት መንፈስ ተወግዶ የሥራ ባህል ሲዳብር..." ብለው ጀመሩ። የሚዳብረው ምን እንደሚያመጣ ሳይነግሩን ጎርፉ ደረሰ። አያችሁ፣ ቦይ ሳይኖር ጎርፉ በየአቅጣጫው ተበትኖ ነበር የሚወርደው። እኛ ከላይ በደቦ ወለል ያለ ቦይ ቆፍረን የኮረብታውን ውሃ አንድም ሳይቀር ሰበሰብነው። መካከሉን ደግሞ በታዘዝነው መሠረት ደፈንነው። ስለዚህ ውሃው እስከ ድፍኑ ድረስ በሥርዓት መጥቶ፣ እዚያ ሲደርስ መንገድ አጣና በቀጥታ ወደ እንግዶቹ ገባ።

እንግዳው መጀመሪያ አንድ እግራቸውን አነሡ። ከዚያ ሌላኛውን። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማንሣት እንደማይቻል ሲያውቁ ወንበር ላይ ወጡ። ታምራት ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደ ከተተ ቀረ፤ መንፋቱን ረሳው። የታሸገው ውሃ ባልታሸገው ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ።

ፊሽካ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ዘነበች ድምፅዋን ለቀቀችው። ያ የሰኞው ዘፈን ነው። ከምባቶቹ ከላይ፣ ሀዲያዎቹ ከታች ድፍኑን ያዙት። እኔም አካፋዬን ይዤ ገባሁ። በጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ነጠላዬንና ምሳዬን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቅያቸው ነበርና ምሰሶው እያዘነበለ ነበር። ቆጮዬን አስቤ የወረወርኩትን አፈር ለማንም ብዬ ወርውሬ አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ ድፍኑ ተከፈተ፤ ውሃው ተንደቅድቆ ወደ ቱቦው ወረደ።

እንግዳው ወንበር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ካሜራ የያዙ ሰዎች አጠገቤ መጥተው ፎቶ አነሡኝ። ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ጭቃ ነበርኩ።

"እናቴ፣ ይህን ጉልበት ከየት አገኙት?" አሉኝ እንግዳው።

"ቸኩዬ ነው" አልኳቸው።

"ፕሮግራሙ ምን ጠቀመዎት?"

ታምራትን አየሁት። ፊቱ የቡላ ዱቄት መስሏል። አማረች ትዝ አለችኝና አፌን ሰበሰብኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተሰበሰበም።

"አንድን ቦይ እንደ ብዙ ቦይ መቁጠር ተምሬአለሁ" አልኩ።

እንግዳው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞረው "የጎልማሶች ትምህርትም ይሰጣሉ ማለት ነው፤ ያዘው" አሉት።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ ሰኞ አማረች አጥሩ በወደቀበት በኩል መጣች። አልቀለደችም፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነበር። ከዚያ ቀለደች።

"ቀበሌ ጠርተውኝ ነበር። ተመረቅሽ አሉኝ።"

ከእርዳታ መውጣትን ምረቃ ነው የሚሉት። ራሷን ችላለች፣ ከእንግዲህ ስንዴ አያስፈልጋትም ማለታቸው ነው።

"በምን ተመረቅሽ?"

"በእርስዎ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ያዩትን አሮጊት ሲያጣሩ የአማረች ቤት ሰው ነች ተባሉ። በዚያ ዕድሜዋ እንዲህ የምትቆፍር አሮጊት ያለባት ቤት ጉልበት ሞልቶ የተረፋት ናት፤ ለሌላ ድሃ ይልቀቁ ብለው አዘዙ። እጅግ የሚያስገርም ደንብ አይደል? ባትሠሪ ስንዴው ይቀርብሻል። ደህና አድርገሽ ብትሠሪም ስንዴው ይቀርብሻል። የሚሰጥሽ በመካከሉ ያለውን መንገድ አግኝተሽ ከኖርሽ ብቻ ነው።

የሟቹን ባለቤቴን ከዘራ አወጣሁ። አማረችን አስከትዬ ወደ እርዳታው ቢሮ ሄድኩ። ባለፈው ሰኞ ቀና ብዬ ያለፍኩትን ፈተና አሁን ጎንበስ ብዬ ልፈተን ነው። በሩ ላይ ስደርስ ወገቤን ሰበር አደረግሁ። ብዙ መድከም አላስፈለገኝም፤ ከአርብ ጀምሮ በራሱ ተሰብሮ ነበር።

ግድግዳው ላይ የእኔ ፎቶ ተለጥፏል። አካፋ ተሸክሜ፣ ጥርሴን ነክሼ። ከሥሩ ታምራት ተቀምጧል።

"አቅመ ደካማ ነኝ" አልኩት።

"ፎቶው እንደዚያ አይልም፣ እማማ።"

"ጎረቤቷ እንጂ የቤቷ ሰው አይደለሁም።"

"የአንድ ግቢ ሰዎች ነን ብለውኛል እኮ።"

"አጥሩን ዛሬ አሠራዋለሁ።"

"ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። እኔ ምን ላድርግ?" አለ። ይህን ሲል እንኳ አላየኝም፤ አማረችን ነበር የሚያየው፣ የታሰረ እጇን። ክፉ ልጅ አይደለም። የክፉ ልጅ ሥራ የተሰጠው ደህና ልጅ ነው። እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያስቸግሩት።

ከዘራዬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። "ታምራት፣ ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። እናቴ ያነባሉ።"

"ስለ አንድ ቦይ ልጽፍ አስቤአለሁ። አንድ ነገር ግን ተምታታብኝ። እንግዳው ያዩት ቁፋሮ የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለተኛው?"

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ። ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣና መልሶ አጠለቀው።

"የአማረች ስም የወጣው በስህተት ነው" አለ።

"ስህተት ያጋጥማል" አልኩ።

"እጇ እስኪድን ምትክ ብትልክ ችግር የለውም" አለና ወደ አማረች ዞረ። ልመና የተቀላቀለበት ድምፅ ነበር። "ግን እባክሽ፣ ቀስ የምትል ሰው ላኪ።"

ልብ በሉ፣ አልጽፍም አላልኩትም። እናቱም ይህን ሲያነቡ ስሙ ታምራት ስላልሆነ ማን እንደሆነ አያውቁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፊሽካውን ግን ያውቁታል።

አማረች ስንዴዋን ተቀበለች። እጇም ድኗል፤ አሁን ራሷ ነው የምትወጣው። በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ቦይ በዚህ ወር ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። እንግዶች ሊያዩት ስለሚመጡ እስኪመጡ ድረስ ሳያልቅ እንዲቆይ በጥብቅ ታዟል። ትናንት ጠዋት መቆፈሪያዋን ይዛ ስትወጣ አጥሩ በወደቀበት በኩል ጠራኋት።

"አማረች፣ አደራ፣ እንዳትጨርሺው።"

"እኔስ እሺ፣ እትዬ" አለችኝ ሳትቆም። "ዘነበችን ማን ይይዛታል?"

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በትምህርት ቤቱ በኩል ዘፈን ይሰማኛል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱም ሊገናኙ ተቃርበዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት አርብ ነው።